የነስሩ አልጋ ብሎኖች

እኔ ከብሎን ጋር ተጣልቻለሁ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ አልከለክልም። ሰው ከአከራዩ ይጣላል፣ ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ጉልበት የተረፈው ደግሞ ቆጣሪ ሊያነብ ከመጣ ሰው ጋር ይጣላል። እኔ የተጣላሁት ግን ራስ እያለው ጆሮ ከሌለው፣ አንገት እያለው ልብ ከሌለው ከአንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብረት ጋር ነው። ለምኜዋለሁ። ሰድቤዋለሁ። በአላህ ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። ብረት መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቼ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ስጀምር ግን ወንድሜ ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ ጽሑፉ ይንገዳገድብኛል። ቢንገዳገድ ታገሡኝ። አልጋውም ሲንገዳገድ ነው የከረመው።

ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ባጃጅ ነጂ ነበር። ይህችን «ነበር» የምትል ቃል ገና አልለመድኳትም። እንደ አዲስ ጫማ ተረከዜን ትልጠኛለች። ድሬ ዳዋ ውስጥ ባጃጅ ነጂ እንደ አሸዋ ነው፤ ነስሩን ከሌላው የሚለየው አንድ ዓመል ነበር። አስፋልት ላይ የወደቀ ብሎን ካየ ይቆማል። ተሳፋሪ ይዞም ቢሆን ይቆማል። ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ ዘር ማንዘሩን ቢሰድብም ይቆማል።

«ወሪያ፣ አንተ ልጅ! ምን ሆንክ? ጎማ ነው?» ትላለች ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ።

«አይ፣ ብሎን ነው።»

«ከባጃጅህ ወልቆ ነው?»

«የኔ አይደለም። የማን እንደሆነም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

«አሁን አገባኝ» ይልና ብሎኑን ሱሪው ላይ ጠርጎ ኪሱ ይከተዋል። የሱሪዎቹ ኪስ ሁሉ ቀዳዳ ነው። እናቴ ስትሰፋ፣ እሱ ሲቀድ፣ እናቴ ስትሰፋ ኖሩ። ጓደኞቹ «የድሬ መኪና ከፊት ይራገፋል፣ ነስሩ ከኋላ ይለቅማል» ይሉት ነበር።

የለቀመውን ምን ያደርገዋል ትሉኝ ይሆናል። ይሠራበታል። ግድግዳችን ላይ ያለው መደርደሪያ፣ የውኃው በርሜል መቆሚያ፣ የእናቴ መቀመጫ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ሁሉም የቆመው መንገድ በጣለው ብሎን ነው። የሥራዎቹ ሁሉ አለቃ ግን የእናቴ አልጋ ነው።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ሲበርድ ይገባል። ይህ የሰፈሩ ሁሉ ሥርዓት ነው። የእኛ በር ግን ጠባብ ነው፤ ቤቱን የሠራው ሰውዬ በጣም ቀጭን ነበር መሰለኝ። ደህና አልጋ አያሳልፍም። ስለዚህ ነስሩ እግሩን ከቱቦላሬ፣ ከውስጡ ባዶ ከሆነ ብረት፣ ጎኑን ከአንጎላሬ፣ ባለ ማዕዘን ከሆነ ብረት አድርጎ፣ እየተፈታ የሚወጣ፣ እየታሰረ የሚቆም አልጋ ሠራላት። «ለምን አስበይደህ አትገላገልም?» ብዬው ነበር።

«የተበየደ ነገር ሲበላሽ ይቆረጣል» አለኝ። «በብሎን የታሰረ ግን ይፈታል፣ ተመልሶም ይታሰራል። ነገር ሁሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ነገር ሁሉ እንዲህ አይደለም። እሱም አሁን ያውቀዋል።

አሁን የመከራዬን ምንጭ ልብ በሉልኝ። ሌላ ሰው መጀመሪያ ብረቱን ይበሳል፣ ከዚያ ለቀዳዳው የሚሆን ብሎን ይፈልጋል። ነስሩ መጀመሪያ ብሎን ያገኛል፣ ከዚያ ለብሎኑ ብረት ይበሳል። ዳዶውን፣ ማለትም ብሎኑ እየዞረ የሚገባባትን ባለ ስድስት ጎን ቀለበት፣ ከየትም ፈልጎ ቱቦላሬው ውስጥ ያስበይዳታል። በዚህ ዓይነት አንዱ ብሎን ከከባድ መኪና የወደቀ ሆነ፣ አንዱ ከሞተር ሳይክል፣ አንዱ አያቶቻችን ከተሳፈሩበት ባቡር የተረፈ። እያንዳንዱ ከራሱ ቀዳዳ በቀር ሌላ አያውቅም። እንደ እኛ ከተማ ነው፤ አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሐረሪኛ ይናገራል። ልዩነቱ እኛ እንግባባለን፣ ብሎኖቹ አይግባቡም። የትኛው የት እንደሚገባ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም የትም አልጻፈውም። ጣቱ ያውቀው ነበር።

አልጋው አንድ ጉድለት ነበረው። በግርጌ በኩል ዳሩ ላይ ሲቀመጡበት ሲጥጥ ይላል። ነስሩ ሥራ ውሎ ሲገባ እዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ሲጥጥ። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «መጣህ?» ትላለች። «መጣሁ» ይላል። «አጥብቀው እንጂ፣ ሰፈሩን ቀሰቀስክ» ስለው «ነገ» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ድሬ ላይ ትኩሳት የማያውቀው ሰው የለም። ሰው ይተኛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነሣል። ነስሩ ተኛ። አልተነሣም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለቅሶ ቤት ባዶ መሆን አለበት። ሰው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ሰሌንና ምንጣፍ ከየጎረቤቱ ይገባል፣ ዕቃ ሁሉ ይወጣል። እኔና እናቴ ማን ምን እንዳወጣ አላየንም። በኋላ እንደተነገረኝ ግን ጀናዛው ሳይወጣ አልጋው ወጥቷል። የፈቱት ጎረቤታችን ሐጂ ሙሜ ናቸው። ሐጂ ሙሜ ሰው መርዳት ይወዳሉ። እርዳታቸው ያልደረሰበት ቤት ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ እርዳታቸው ደርሶበት ደህና የሆነ ቤትም እምብዛም የለም። የአልጋውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትተው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመሩ። ቆርቆሮው ባዶ አልነበረም። ነስሩ መንገድ ላይ የለቀማቸው፣ ሥራ ያላገኙት ብሎኖች ሁሉ እዚያው ነበሩ። የቁም ሳጥኑንም ፈትተው እዚያው ጨመሩበት። ከዚያ፣ ልፋታቸው ከንቱ እንዳይቀር፣ ክዳኑን ዘግተው ነቀነቁት።

«አንድም እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉኝ በኋላ።

እውነታቸውን ነው። አንድም አልጠፋም። ምነው በጠፋ!

ለቅሶው ሲያበቃ ሰሌኑ ተጠቀለለ፣ ሰዉም አብሮ ተጠቀለለ። ያ ሁሉ ሰው «አብሽር፣ አይዞህ» ብሎኝ ሄደ። አብሽር ያሉኝ ሰዎች ብሎን ቢሆኑ ኖሮ የድሬን አልጋ ሁሉ አስረው ይተርፉ ነበር። ለእኔና ለእናቴ የመጣውን ምግብም ራሳቸው በልተው ሄዱ። አልቀየምኩም፤ እኔ አልበላ ብዬ ነበር።

ቤቱ ጸጥ ሲል እናቴ ፍራሿን መሬት ላይ አነጠፈች። ጉልበቷ በሽተኛ ነው። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት ስትነሣ እሰማታለሁ፤ መጀመሪያ ግድግዳውን ትይዛለች፣ ከዚያ የውኃ ጀሪካኑን፣ ከዚያ የበሩን ጉበን። ለአንድ መነሣት ብዙ ቢስሚላህ ያስፈልጋታል። ሙቀቱም እየመጣ ነበር። መሬት ላይ ደግሞ በዚያ ወቅት ጊንጥ አለ። ጎረቤት ቤት አንዱን በጫማ ገድለው፣ እንድናየው ይመስል ደጃችን ላይ ጣሉት።

በዚህ መሐል አጎቴ አብዶሽ መጣ። የአባቴ ወንድም ነው፤ አባቴ ካለፈ ወዲህ የቤታችን ነገር የሚወሰነው እሱ ቀፊራ ገበያ ካለው ሱቁ ውስጥ ሆኖ ነው። ግቢው ጥግ የተከመረውን የአልጋ ብረት አየና በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይሄን ለቁራሌው ስጡት። ጁምዓ ቀን የእንጨት አልጋ በጋሪ አመጣለሁ» አለ። ቁራሌው ቆርቆሮ ያለህ፣ ብረት ያለህ እያለ አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚዞረው ነው።

«ነስሩ የሠራው ነው» አለች እናቴ።

«አላህ ይዘንለት። ነስሩ እያለ አልጋ ነበር። አሁን ብረት ነው።»

«እሱ ካልቆመልኝ መሬት ይበቃኛል። ልጄም ያለው መሬት ውስጥ ነው።»

አጎቴ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ፣ ወንድ ልጅ ነህ አይደለም? እስከ ጁምዓ አቁመው። ካቆምከው እኔ ዝም። ካላቆምከው ግን ጋሪው ባዶውን አይመለስም፤ አልጋውን አራግፎ ብረቱን ጭኖ ይሄዳል። ሴትዮዋ መሬት ላይ ወድቃ ሰው ምን ይለናል?»

እናቴ አየችኝ።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። የፊዚክስ መጽሐፋችን ብሎንን «ቀላል ማሽን» ይለዋል። ቀላል ብሎ የጻፈው ሰው ቢገኝ አንድ ቀን ግቢያችን አውለው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮውን ትሪ ላይ ገለበጥኩት። ጥቁር፣ ነጭ፣ የዛገ፣ ዘይት የጠጣ፣ ሁሉም እንደ ጥሬ ተንከባለለ። የመጀመሪያውን ብሎን በዓይኔ መረጥኩ። ቀዳዳውን አየሁ፣ ብሎኑን አየሁ፣ «ወንድማማች ናቸው» አልኩ። ከግርጌው እግር ላይ ሞከርኩት። አንድ ሁለቴ ዞረና ቆመ።

ነስሩ ይላት የነበረች አንዲት ቃል አለች። «ብሎን በጣት ይጀመራል፣ በመፍቻ ይጨረሳል።» እኔ በመፍቻ ጀመርኩ። ብሎኑ እልኸኛ ሆነ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰካሁና በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ያን ሰሞን የነበረኝ ክብደት ብዙ ባይሆንም ለክፋት በቃ።

ጠቅ አለ።

የብሎኑ ራስ እጄ ላይ ቀረ። ሰውነቱ ዳዶው ውስጥ።

«ምን ተሰበረ?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ምንም።»

«ምንም ሲሰበር እንዲህ አይጮህም።»

ሐጂ ሙሜ ድምፁን ሰምተው መጡ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይዘወተርም፣ ለእሳቸው ግን አንቱ እላለሁ፤ ቆርቆሮውን ከነቀነቁበት ቀን ጀምሮ ደግሞ አንቱታው ጥርሴን ያመኛል።

«እኔ ስፈታው እኮ ምንም አላስቸገረኝ!» አሉ ተገርመው።

«መፍታት ማን ያቅተዋል፣ ሐጂ?»

«ቆይ፣ ዘይት ያስፈልገዋል» ብለው ሄደው የምግብ ዘይት ይዘው መጡ። አፈሰሱበት። ቀጥለው ሎሚ ጨመቁበት፤ ዝገት ይበላል ብለው ነው። ከዚያ ጨው ነሰነሱበት። በርበሬ ሲቀር የአልጋው እግር ሰላጣ ሆነ። ዝንቡ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ሳይቀር መጣ። ብሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ የአልጋውን እግር ተሸክሜ፣ ቆርቆሮውን ይዤ ታይዋን ገበያ ለመሄድ ወጣሁ። ባጃጅ አስቆምኩ። ነጂው የነስሩ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ፤ ድሬ ላይ የማን ጓደኛ እንዳልነበረ አላውቅም። እግሩን አጠገቤ ቀጥ አድርጌ እንደ ተሳፋሪ አስቀመጥኩት። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እየዞረ አጽናናኝ። ፊቱ ወደ እኔ፣ ባጃጁ ወደ ግመል። «ነስሩ እኮ... ነስሩ እኮ...» ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ግመሏን ለጥቂት ይስታል። ወንድሜን ትኩሳት ወሰደው፣ እኔን ማጽናኛ ሊወስደኝ ነው ብዬ የአልጋውን እግር አቅፌ ያዝኩት።

ብሎን የሚሸጠው ሽማግሌ ሶማሌ ነው። ሰው ሁሉ አዴር ፋራህ ይለዋል፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። እግሩን አሸተተው።

«ወሪያ፣ ይሄ ምንድነው? ሎሚ?»

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤትህ ተርቧል።» ብሎ በጣቱ ቀዳዳውን ዳበሰ። «ያስገባኸው ብሎን በኢንች የተለካ ነው። ዳዶዋ በሚሊሜትር ናት። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። አስገድደህ ስታስገባው ጥርሷን በላው።» የተሰበረውን ጉቶ ናፍጣ እያጠጣ፣ በፒንሳ እየነቀነቀ ቆየና አወጣው። ወደ ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዳዶዋ ሞታለች።»

ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም።

«ተበልታለች» ብሎ አረመ፣ ቀስ ብሎ። «ችግር የለም። በወዲያ ጎን አስበስተን ረጅም ብሎን እናሳልፋለን። ከወዲህ ሮንዴላ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ቀለበት፣ ከወዲያ ሮንዴላ፣ አዲስ ዳዶ። እንደ ተራራ ይቆማል። እንዲያውም ሁሉንም አንድ ዓይነት ላድርግልህ፣ ትገላገላለህ። ይሄ የያዝከው ብሎን አይደለም፣ የስደተኛ ጣቢያ ነው።»

መገላገል የሚለው ቃል ጣፈጠኝ። አፌን «እሺ» ለማለት ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቆርቆሮውን አየሁት።

«አይ» አልኩ። «የተሰበረውን ብቻ። ሌሎቹን የለቀማቸው ወንድሜ ነው።»

«ባጃጁን መሐል መንገድ ገትሮ የሚለቅመው ልጅ?»

«እሱ ነው።»

አዴር ፋራህ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እዚሁ ደጄ ላይ አንድ ቀን ቆሞ አንድ ለቅሞብኛል። ‹ወሪያ! እሱ የኔ ነው፣ ከእጄ ነው የወደቀው› አልኩት። ‹አዴር፣ አስፋልት ላይ ያለ የአላህ ነው› ብሎኝ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁብኝ።» ቆርቆሮውን በጣቱ በረበረ፣ በረበረና ቢጫ ቀለም የነካው ብሎን አወጣ። «ይሄው። ይሄ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ይወስደዋል ብዬ ጠበቅሁ። አገላብጦ አየውና መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለው።

ሐሙስ ጠዋት እንደገና ተቀመጥኩ፣ በዚህ ጊዜ መፍቻውን ከእጄ አርቄ። በጣት ብቻ። አንዱን ብሎን አንሥቼ በየቀዳዳው አዞርኩት፤ እንቢ ካለ ወደ ትሪው። ሌላውን አነሣሁ። ሐጂ ሙሜ አጥር ላይ ተደግፈው «እሱ አይሆንም፣ ያኛው ነው» ይሉኛል። ያኛው አይሆንም። «እንግዲያው የፊተኛው ነው» ይላሉ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ብረቱ እንደ እሳት ፈጀኝ። ይኼኔ ነው ጎበዝ ነኝ ብዬ ዕቃውን ሁሉ ወደ ቤት፣ ወደ ጥላው ያስገባሁት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ትመለሳለች።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ብሎን ዳዶው ውስጥ በጣቴ እየዞረ እስከ መጨረሻው ገባ። ምንም ሳይታገል። ሰው በስሙ ሲጠራ ዞር እንደሚለው። እጄን አንሥቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ይህን ብሎን ከአስፋልት አንሥቶ፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ የሚገባባትን ዳዶ ከየትም ፈልጎ አግኝቶለታል። ለአንድ ብሎን ይህን ያህል የደከመ ሰው ለምን በአንድ ትኩሳት... አይ። አልጽፍም አልኳችሁ።

ከዚያ በኋላ አንዱ ለአንዱ መንገድ አሳየ። ቀዳዳ በሞላ ቁጥር የሚቀረው እያነሰ ሄደ። ሲመሽ አልጋው ቆመ። አራት እግር፣ ቀጥ ብሎ! ገፋሁት፣ አይነቃነቅም። እናቴ እጇን ብረቱ ላይ አደረገች፣ እንደ ሕፃን ግንባር። ሐጂ ሙሜ «አላሁ አክበር» ብለው ተክቢራ አሉ። የሰፈሩን ጎረምሶች ጠርተው «ወደ ግቢ! ቢስሚላህ! አንሡ!» አሉ። አነሣን። ሄድን።

ጓ!

በሩ አያሳልፍም።

ያ ቀጭን ሰውዬ የሠራው በር። ነስሩ አልጋውን በብሎን ያሰረው በዚህ በር ምክንያት፣ እኔ እንዲህ የተሰቃየሁት በብሎኑ ምክንያት፣ አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ገጣጥሜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በጎን ሞከሩት፣ በቁም ሞከሩት። አንዱ ጎረምሳ «በሩን እንንቀለው» አለ። ሐጂ ሙሜ ወደ ጉበኑ ሲያዩ ዓይናቸው ላይ ያችን የእርዳታ ብልጭታ አየሁና «ሐጂ! በአላህ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እናቴም ሳቀች። ነስሩ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በሞኝነቴ ነው የሳቀችው ብዬ ተናደድኩ። ሐዘን ሰውን ስስታም ያደርጋል።

እንደገና መፍታት ነበረብን። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ የነስሩን አሮጌ ሽርጥ ይዛ መጣች፣ ቤት ሲሆን ከወገቡ የማይለየውን።

«እማ፣ እሱን ምን ልታደርጊው ነው?»

 በጥርሷ ነክሳ ቀደደችው። የቀጭን ቀጭን አድርጋ ሸረከተችው። እኔ አንድ ብሎን ስፈታ፣ እሷ በሽርጡ ቁራጭ እዚያው ቀዳዳው ላይ ታስረዋለች። የሞተ ሰው ልብስ ለችግረኛ ይሰጣል ይባላል። ከእኛ አልጋ የበለጠ ችግረኛ አላገኘንም።

ጁምዓ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሆኜ እያንዳንዱን ብሎን ከነቁራጩ ወደየቀዳዳው መለስኩ። ከሶላት ስመለስ የአጎቴ ጋሪ ደጃፍ ቆሟል። የእንጨት አልጋ ተጭኖበታል፤ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በበራችን በሕልሙም የማያልፍ። አጎቴ ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ግቢ ገባ። እናቴ ነስሩ በሠራው አልጋ ላይ፣ ራስጌው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። እግሯን ዘርግታለች። ቀና ብላ አየችው።

አጎቴ አልጋውን ዞሮ አየ። የሽርጡን ቁርጥራጮች አየ። አንዱን ብሎን ጎተተው። ከዚያ፣ ሰውዬው ሙሉ ሰው ነው፣ ዳሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።  አልጋው ድምፅ አላሰማም።

«ይቆማል» አለ ቅር እያለው።

«ይቆማል» አለች እናቴ።

«እና እኔ ይሄን አልጋ ምን ላድርገው?»

«ተኛበት፣ አብዶሽ። አንተም ደክሞሃል።»

ጋሪው ጭኖት የመጣውን ይዞ ተመለሰ። አጎቴ ሲወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝና «አብሽር» አለኝ። ያኛውን አብሽር ግን አልጠላሁትም።

እንግዲህ ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ጀግና ነበርኩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተኛች። እኔ በሩ አጠገብ ፍራሼ ላይ ነኝ። ተገላበጠች። ቆየችና እንደገና ተገላበጠች። ትራሷን አነሣች፣ ጣለች።

«እማ፣ ጉልበትሽ ነው?»

«አይደለም።»

«አልጋው ቆረቆረሽ?»

«አልጋው ምንም አላደረገኝም።» ብረቱን በእጇ ዳበሰች። «ዝም አለ።»

«አጥብቄው ነው እኮ። አዲስ ብሎን፣ በሁለት ሮንዴላ...»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። እጅህ ይባረክ። ተኛ።»

አልተኛሁም። ያችን የግርጌ እግር አሰብኩ። እኔ የሰበርኩት ብሎን፣ አዴር ፋራህ እንደ ተራራ ያቆመው። ለእሷ ብዬ ስንት ቀን የታገልኩት ለዚያች ጸጥታ ነበር። ነስሩ «ነገ» እያለ ያላጠበቃት ከስንፍና መስሎኝ ነበር።

ተነሥቼ መፍቻውን አመጣሁ። ዳዶውን ጥቂት አላላሁትና ዳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም። ትንሽ ጨመርኩ። ተቀመጥኩ።

ሲጥጥ።

«መጣህ?» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

  ዝም እንዳልል ትነቃለች። እንዳልመልስ ጥያቄው የእኔ አይደለም።

«መጣሁ» አልኩ።

ተኛች ብዬ ነበር። ቆይታ፣ በዚያው በእንቅልፍ ድምፅ ተናገረች።

«እሱ ሲቀመጥ ድምፁ ወፈር ይላል። አንተ ከስተሃል። ድስቱ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ተነሥና ብላ።»

ተነሣሁ። አልጋው ሲጥጥ አለ። ሩዙ ቀዝቅዟል። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ድስቱን ጠርጌ በላሁት።